አዴ ከዲጃ ባጃጁን በስንጥር መለሱት

ዛሬ ጠዋት አሰላ ላይ አዛውንቷ ጎረቤቴ አዴ ከዲጃ አንድ ባጃጅ በስንጥር እንጨት መለሱት!

ዝናቡ እንዳባራ ስወጣ፣ እሳቸው አዲሱ የእግረኛ መንገዳችን ጫፍ ላይ ቆመው የጫማቸውን ጭቃ በስንጥር ይፍቃሉ።

"አዴ፣ ምን ሆኑ?"

"እንዲህ ያማረ ነገር በጭቃ ይረገጣል እንዴ ልጄ?"

(እኔ ጭቃዬን ተሸክሜ መሃል ደርሼ ነበር። አፍሬ ተመለስኩና ጠረግኩ።)

ይሄኔ አስፋልቱ በመኪና የተዘጋጋበት አንድ ባጃጅ ጠርዙን ዘሎ ወጣብን። እኔ እንደለመድኩት ልሸሽ ስል አዴ ከዲጃ ፊት ለፊቱ ቆመው ስንጥሯን ዘረጉለት።

"እንካ፣ መጀመሪያ ጎማህን ጥረግ!"

ሹፌሩ በሳቅ ሞተ። ግን ባጃጁን ወደ ኋላ መልሶ ወደ አስፋልቱ ወረደ።

ስንት ዓመት ከባጃጅ ስንሸሽ ኖረን፣ ዛሬ ባጃጁ ከእኛ ሸሸ! እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ከተማ ስንጥሯን የያዘው ማነው?