የአቶ ቴል እርሳስ

ሰፈሩ «አቶ ቴል» ይላቸዋል፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ቢወጡም፣ ሴይ፣ ቴል፣ ስፒክና ቶክ የሚባሉት አራት ቃላት ግን አልለቀቋቸውም። «አራቱም መናገር ነው ብሎ ማን አሳታችሁ?» ይላሉ፣ ባለሱቁን ሳይቀር። «ቴል ካልክ ለማን እንደሆነ ወዲያው ጥራ። ሴይ ግን ሰው ከመጥራቱ በፊት ቱ ይፈልጋል። ስፒክ ለቋንቋ ነው፣ ቶክ ለወሬ። ይኼ ምኑ ይከብዳል?» ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ «ምንም አይከብድም ጋሼ» ይላል፤ በማግስቱ ግን ያው ነው። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ቤት ውስጥ ደግሞ ማስረዳቱም ታክቷቸዋል። ስህተት ሲሰሙ ከጆሯቸው ጀርባ እርሳሳቸውን መዘዝ አድርገው ያገኙትን ጠረጴዛ ቋ ያደርጋሉ። ልጃቸው ያደገችው በዚህ ድምፅ ነው። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ለመሆን ሁለት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ቀርባ ሁለቴም ወድቃለች፤ ጠያቂው እስክሪብቶውን ባነሳ ቁጥር ምላሷ ይታሰራል። ነገ ሦስተኛዋ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠሯትም። ታዲያ ከማን ጋር ብትለማመድ ጥሩ ነው? ከእናቷ ጋር! ከእንግሊዝኛ «ኦኬ»ን ብቻ ከሚያውቁት ልብስ ሰፊ ጋር!

አቶ ቴል ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈዋል። ደማቸው ፈልቷል። ውስጥ የስፌት መኪናው ይንጣጣል፣ እናት «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይላሉ፣ ልጅቱ ትንበለበላለች።

«ፕሊስ ሴይ ሚ ዩር ሩም ነምበር…»

ሴይ ሚ! በገዛ ቤታቸው! እጃቸው ሳያዝዙት ተነሳና በሩን በእርሳሱ ቋ አደረገው።

መኪናው ቆመ። የልጅቱም ምላስ ታሰረ። አቶ ቴል በሩን ገፍተው ቢገቡ ፊቷ አመድ መስሏል። ይህን ፊት ክፍል ውስጥ ስንቴ አይተውታል፤ የሰነፍ ፊት ነው ብለው ነበር የሚያልፉት። ዛሬ ግን የፍርሃት ፊት መሆኑ ታያቸው።

«ኧረ አሁንስ በዛ!» አሉ እናት። «ሁለት ጊዜ የጣላት ጠያቂው መሰለህ?» እርሳሱን ከእጃቸው መንጭቀው የሚሰፉት ጨርቅ ላይ መስመር ያሰምሩበት ጀመር።

አቶ ቴል ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ እጃቸውንም ከጭናቸው ሥር ሸጎጡት።

«በይ ቀጥይ» አሏት።

ልጅቱ እየፈራች ጀመረች፤ ቆይቶ ምላሷ ተፈታ። ያቺ ሴይ ሚም ተመልሳ መጣች። አባት ጥርሳቸውን ነክሰው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ጎበዝ» አሉ።

ልጅቱ ክው አለች። እናቷን አየች፣ አባቷን አየች።

«ምን ተሳሳትኩ አባዬ?»