ደፍ የሌለው የነዳያን ቤት

ጎረቤቴ አጥር ሊያስለስን ጭድና ጭቃ አስቦክቶ፣ ሽታው ዛሬ ጠዋት በመስኮቴ ገባ። የቦካ ጭቃ ሽታ ለሌላው ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ የእናቴ መኝታ ሽታ ነው። ጡረታ ወጥቼ ብቻዬን በምኖርበት በዚህ የደብረ ማርቆስ ቤቴ፣ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተመልሼ ልጅ ሆኜ ቆየሁ።

እናቴና እኔ ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ደብር ቅጥር ውስጥ፣ በነዳያን ቤት ኖረናል። አባቴ በሞተ ማግሥት እናቴን ክፉ ንዳድ ያዛት፤ ሲለቃት እግሮቿን ይዞባት ሄደ። የመንደሩ ሰው እየተፈራረቀ ሲረዳን ከርሞ፣ አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። «ደብሩ ይሻላችኋል» አሉ። በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷት፤ እኔ የምትተኛበትን ቁርበት አዝዬ ከኋላ ተከተልሁ።

ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ ክብ ቤት ነበር። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሣ ውጭ የሚጮኸው ነፋስ ውስጥ ሲደርስ ሹክሹክታ ይሆናል። መካከሉ ላይ በጭስ የጠቆረ የወይራ ምሰሶ የሳሩን ክዳን ተሸክሞ ቆሟል። ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን የጭቃ መደብ አለ፤ በመኝታና በመኝታ መካከል ደግሞ ከጉልበት የማትበልጥ ክልል ተሠርታለች፤ የተኛው ሰው የራሱ ጓዳ እንዲመስለው ይሆናል። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ባለው ግድግዳ መነሣት የማይችሉ ሰዎች ቅዳሴውን ተኝተው የሚሰሙባቸው ቀዳዳዎች ነበሩ።

እኔን የገረመኝ በሩ ነው። የእኛ አገር በር ጠባብ ነው፤ ያ በር ግን ሰፊ ነበር፤ ደፍም አልነበረውም። የእናቴ ቃሬዛ ሳያዘነብል፣ ሳይነካ ገባ።

ቤቱን የሚጠብቁት አንዲት እማሆይ ነበሩ፤ ታሪኩን የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው። ያሠራችው ባላባት ሴት ናት አሉ፤ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ አባቶችም አይስማሙም። ሽባ ልጅ ነበራት። ሲያወጡት ሲያስገቡት የበሩ ደፍ እየመታው ሲያለቅስ ትሰማ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ «እየዳኸ የሚመጣም ሳይሰናከል ይግባ» ብላ ይህን ቤት አሠራች።

«እውነት ነው፣ እማሆይ?» አልኋቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። ደፉ ግን እንደምታዪው የለም።»

ዐምና ሄጄ ነበር፤ ቤቱ የለም። ክዳኑ ሰምጦ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጊዜ አፍርሰውት፣ በቦታው የቆርቆሮ አዳራሽ ቆሟል። ድንጋዮቹን ለአጥር ተጠቅመውባቸዋል። የትኛው ከየትኛው ጎን እንደመጣ ለማወቅ ስዳስሳቸው አንድ ዲያቆን «የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ። የለም አልሁት።

በዚያ ቤት ልጅ እኔ ብቻ ነበርሁ። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቀን ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ሲመሽ ይስላሉ። ውሃ ልቀዳ ምንጭ ስወርድ የመንደሩ ልጆች ጨዋታቸውን ያቆማሉ። አይሰድቡኝም፤ እስክሄድ ዝም ይላሉ እንጂ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስመለስ እናቴ «ማንን አገኘሽ?» ትለኛለች፤ ስም እየፈጠርሁ እነግራታለሁ። ማታ ማታ በድን እግሮቿን አሽላታለሁ፤ እንደማይሰማት ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ የበጋ ቀን አክስቴ ከደምበጫ መጣች። በገበያው ጨው የምትቸረችር ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

«ልጅቱን ስጪኝ፤ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» አለቻት እናቴን።

«እምዬስ?» አልሁ እኔ።

አክስቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው ያለሁት። ገበያ ስውል ማን ያነሣታል? ማን ያገላብጣታል?»

አልሄድም ብዬ የእናቴን ክንድ ይዤ አለቀስሁ። እናቴ አላለቀሰችም። ወደ ራሷ ጎትታ፣ ተኝታ እንዳለች ፀጉሬን ትጎነጉነኝ ጀመር። ጣቶቿ ቀስ ይሉ ነበር፤ ልትጨርስ አልፈለገችም።

«እኔ ብተኛ አቅቶኝ ነው» አለችኝ። «አንቺ ግን እግር እያለሽ ከእኔ ጋር መተኛት ለመድሽ። ሂጂ።»

«ለመስቀል እመጣለሁ።»

«ለመስቀል ነይ።»

ደምበጫ ትምህርት ገባሁ። ክረምቱም ገባ፤ ወንዞቹ ሞሉ፤ ከደብሩ ወሬ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ለእናቴ ሻሽ ገዝቼ ትራሴ ሥር አስቀመጥሁ።

ለመስቀል እስከ አማኑኤል በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ። ስደርስ እኩለ ቀን ነበር፤ ከብርሃን ገብቼ ዓይኔ ጨለመ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። እንዳልቀሰቅሳት በግርጌዋ ተቀመጥሁና፣ እንደ ልማዴ ላሽላት እጄን እግሯ ላይ አሳረፍሁ።

እግሯ ተንቀሳቀሰ። ጉልበቷን ሰብሰብ አደረገች።

በዕድሜዬ ሙሉ ያንን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። «እምዬ! ዳንሽ!» ብዬ ጮኽሁ።

ሴትዮዋ ዞረች። አይቻት አላውቅም።

እማሆይ ጩኸቴን ሰምተው እየተደገፉ ገቡ። «ወንዙ ሞልቶ መልእክት የምንልክበት አጣን፣ ልጄ» አሉ። «በፍልሰታ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ዐረፈች። መደቧን ባዶ ልናሳድረው አልቻልንም፤ ደጅ የቆመ ሰው ነበር።» ሌላም ነገር ተናገሩ፤ አልሰማኋቸውም።

ሴትዮዋ እኔን አየች፤ በእጄ የጨበጥሁትን ሻሽም አየች። ወደ ግድግዳው ተጠግታ ጋቢዋን ገለጠችልኝ። ከነጫማዬ ገብቼ ተጋደምሁ። የለቀቀችልኝ ቦታ ሞቃት ነበር።