ክር የታሰረበት ኩባያ

ወለተሥላሴ ሾላ ገበያ፣ ከበርበሬ ተራው ጀርባ፣ ዳማከሴ መሸጥ ከጀመረች አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ጤና አዳምም ጦስኝም አታጣም፤ ሰው የሚያውቃት ግን በዳማከሴዋ ነው። ማለዳ ዳርቱ የምትባል የእንጦጦ ሴት ቅጠሉን በጀርባዋ ተሸክማ ትወርዳለች። ወለተሥላሴ ተቀብላ በእፍኝ በእፍኝ በቀይ ክር ታስርና ውሃ ትረጭበታለች። ከዚያ ከንፈሩ ያበጠ፣ ራሱን የሚፈልጠው፣ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ይመጣል።

“ምች መታኝ።”

“ምን በልተህ ፀሐይ ላይ ወጣህ?”

“ጥብስ።”

“አፍህን ሳትታጠብ ነዋ። ጨምቀህ ጠጣው፣ የተረፈውን ግንባርህን ቅባው።”

ምርመራው ይኸው ነው። የባንክ ሠራተኛ ይመጣል፣ ዲያቆን ይመጣል፣ የቆሰለ ከንፈሩን ይዞ እየቀለደ ገዝቶ ይሄዳል። የሚያፍር የለም። “ከማን አመጣኸው?” የሚልም የለም። እሷ ራሷ በየዓመቱ በጋው ሲጠነክር ከታችኛው ከንፈሯ ጥግ ላይ ያወጣባታል። ባሏ አካሉ ላይም እንደዚሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቀጥሎ የሆነው ነገር የሚያናድደው ይህን የሚያውቅን ሰው ነው።

ልጃቸው ማዕዶት አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አስረኛ ክፍል። በግንቦት መጀመሪያ ክፍሏ በሙሉ እንጦጦ ፓርክ ሽርሽር ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለ። በማግስቱ ትኩሳት ያዛት። ከንፈሯ አበጠ፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች እስከ አገጯ ወረዱ። እናቷ አልደነገጠችም። “ምሳሽን በልተሽ አልተጉመጠመጥሽም” አለችና ጨምቃ አጠጣቻት። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ፈርጦ ቢጫ ቅርፊት ያዘና ወደ ጉንጯ መስፋት ጀመረ። የክፍል ኃላፊዋ “ታይታ ትምጣ” ብላ ወደ ቤት መለሰቻት።

ቅርብ ያለው የግል ክሊኒክ ሄዱ። ማዕዶት ደም ሰጠች። አንድ ሰዓት ያህል አግዳሚው ላይ ከሌላው ሰው ጋር ተደርድረው ጠበቁ፤ ከነሱ ሁለት ሰው አልፎ የሰፈራቸው ባለሱቅ እንድርያስ ለጨጓራው መጥቶ ተቀምጧል። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ከላብራቶሪው ብቅ አለና ወረቀቱን አንብቦ ተጣራ።

“የሄርፒሷ ልጅ ማናት?”

በስሟ አይደለም። ስሟ ወረቀቱ አናት ላይ ተጽፏል። ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ግን እንደዚያ ብሎ ተጣራ።

ገቡ። በሩን አልዘጋውም። “ማዘር፣ ይሄ በግንኙነት የሚተላለፍ ነው። ልጅዎን ይጠይቋት” አለ። ወደ ማዕዶት ዞረ። “ከማን ጋር ነው የምትውይው?”

“ከክፍሌ ልጆች ጋር።”

“እሱማ ይገባኛል” ብሎ ሳቀ።

በር መዝጋትን ለመማር ስንት ዓመት ይፈጃል? ቁስሉ አፏ ላይ ነው፤ ከዓይኑ ፊት ነው ያለው። ጎንበስ ብሎ አላየውም። ወረቀት አየ፣ አስራ ስድስት ዓመት የሚል አየ፣ ሴት የሚል አየ። ፈረደ።

እሱን ስረግመው እውላለሁ። እናትየውን ግን አልምራትም። መንገድ ላይ እንደወጡ መጀመሪያ ያለችው “አመመሽ ወይ?” አይደለም።

“ማነው?” አለቻት።

“ማን ማነው?”

“አታሹፊብኝ ማዕዶት። ስሙን ንገሪኝ።”

“እማዬ፣ ማንም የለም።”

“ደምሽ ተናገረ እኮ።”

አስራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ከንፈር እያየች “ምች ነው” ስትል የኖረች ሴት፣ የገዛ ልጇን ከንፈር ትታ ወረቀት አመነች። ንባቧ እንኳ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ግን ማህተም ነበረበት።

አካሉ ላምበረት መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፤ ቤትም ድምፁን አይቀንስም። ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ዳቦ ሊገዛ ጎራ ሲል እንድርያስ “ልጅቷ ተሻላት?” ብሎ ጠየቀውና ዓይኑን ሰበረ። ሌላ ምንም አላለም፤ በቂ ነበር። አካሉ ቤት ገብቶ የልጅቷን ስልክ ነጠቀ።

“ስሙን እስክትናገር ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም” አለ። “እኔ የማንም መሳቂያ አይደለሁም።”

“አባዬ፣ ሰኔ ላይ ፈተና አለብኝ።”

“ፈተናውንማ ወድቀሻል።”

ቤቱ ውስጥ አራት አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያዎች አሉ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። ወለተሥላሴ ከቅጠል ማሰሪያዋ ቀይ ክር ቆረጠችና የአንዱ ኩባያ ጆሮ ላይ አሰረች። “ይሄ ያንቺ ነው” አለች ልጇን ሳታያት።

ማዕዶት ክሩን አየችው። ውሃ ሳትጠጣ ተኛች።

ትምህርት ቤት የለ፣ ሰፈር መውጣት የለ፤ በማግስቱ እናቷ ይዛት ገበያ ወረደች። ማዕዶት ከጆንያዎቹ ጀርባ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ተቀመጠች። ዳርቱ ሸክሟን አውርዳ ስታያት ሻርፑን ገለጥ አደረገችው።

“አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው እንደ ሙሽራ የተሸፈንሽው? ይሄ እኔን በየበጋው የሚመታኝ አይደለም እንዴ?”

“አይደለም ተባለ” አለች ወለተሥላሴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “የውጭ ስም አለው። መጥፎ ነው።”

“ማነው ያለው?”

“ክሊኒክ።”

“አፏን አይተው ነው?”

ዳርቱ የተፈታ ነጠላዋን እያጠበቀች “ጤና ጣቢያ አንዲት ዶክተር አለች። አትጮህም። እኔን አይታኛለች፣ ሂጂ” አለቻት። “ቅጠሉን እኔ እሸጥልሻለሁ። አላጭበረብርሽም፣ አትፍሪ፤ ካንቺ የተሻለ ነው የምሸጠው።”

የጤና ጣቢያዋ ዶክተር ዙሌካ መጀመሪያ በሩን ዘጋች። ከዚያ መብራቱን አስጠግታ ቁስሉን አየች፣ ጓንቷን አውልቃ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ነው ወረቀቱን ያነበበችው። ቅደም ተከተሉን እዩት።

“ምች ነው ብለው ነበር አይደል ወይዘሮ ወለተሥላሴ? እርስዎንስ ይመታዎታል?”

“በየዓመቱ።”

“የት ላይ?”

ወለተሥላሴ ከንፈሯን በጣቷ ነካች። ጣቷ እዚያው ቀረ።

“አፍ ላይ የሚወጣው፣ ምች የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ነው የሚይዘው። እናት ስትስም፣ አክስት ስትስም፣ በማንኪያ። ከገባ በኋላ ተኝቶ ይኖራል፤ ፀሐይ ወይም ትኩሳት ይቀሰቅሰዋል። ይህ የደም ምርመራ ሰውነቷ ቫይረሱን አንድ ቀን እንዳገኘው ነው የሚናገረው። መቼ እንደሆነ አይናገርም። ከማን እንደሆነም አይናገርም።”

“እና ይሄ ቁስል እሱ ነው?”

“ይመስለኛል። እርግጠኛ ነኝ ግን አልልዎትም። ገና ውሃ እንደቋጠረ ናሙና ቢወሰድ ይለይ ነበር፤ አሁን ደርቋል። ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ደግሞ ሌላ ጀርም የተጨመረበት ነው፣ ለእሱ ቅባት እሰጣታለሁ። ዓይኗን ካመማት ወይ ከቀላ በዚያው ቀን አምጧት። እስኪደርቅ ፎጣና ኩባያዋ ለብቻ ይሁን።” ከዚያ ወደ ማዕዶት ዞረች። “ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ። የሚጠይቅሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው።”

ማዕዶት ኩባያ የሚለውን ስትሰማ እናቷን አየቻት። ዶክተሯ አላወቀችም፤ እናትየዋ ግን አወቀች። ተመሳሳይ ኩባያ ነው። ዶክተሯ የለየችው ለሕክምና፣ እናትየዋ የለየችው ለፍርድ።

ዳገቱን ሲወጡ ወለተሥላሴ ፊቷ በርቷል። ተገላግላለች። “ተመስገን፣ ከወንድ አይደለም” አለች።

ማዕዶት ቆመች። “አይታወቅም ነው ያለችው።”

“ያው ነው።”

“ያው አይደለም። እማዬ፣ ቢሆንስ? አንድ ልጅ ስሞኝ ቢሆን ኖሮ፣ እንደዚህ ታሳክሚኝ ነበር? ወይስ አባዬ እንዳለው?”

“ስሞሽ ነበር?”

“መልሽልኝ እንጂ።”

እናት ቀድማት ዳገቱን ወጣች። እውነቱን ልናገር፣ በዚህ አገር ስንቱ እናትና ልጅ እዚህ ጥያቄ ላይ ተለያይቶ እስከ ሞት እንደማይገናኝ አውቃለሁ። ልጅ ንጹሕ መሆኗን ካረጋገጠች ልጅ ናት፣ ካላረጋገጠች አፏ እየቆሰለ ለብቻዋ ትቁሰል። ይሄን ደግሞ ጨዋነት እንለዋለን።

አካሉ በር ላይ ጠበቃቸው።

“እህስ? ከወንድ ነው አይደለም?”

አንዲት ቃል ነበረች። ወለተሥላሴ “አይደለም” ብትል ያበቃል፤ ስልኩ ይመለሳል፣ ቤቱ ይተኛል፣ ሰኞ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ማዕዶት ከኋላዋ እየሰማች ነው።

“አይታወቅም” አለች ወለተሥላሴ።

“እንዴት አይታወቅም?”

“አይታወቅማ። ዶክተሯም አታውቅም። ቢሆንም ባይሆንም ሰኞ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ስሙን ሳትናገር…”

“አካሉ፣ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ከንፈርህ አብጦ ላምበረት ድረስ በመሐረብ አፍህን ይዘህ የሄድከው ምን ነበር?”

“ምች ነዋ። ምች ከዚህ ምን አገናኘው?”

“እሱው ነው። ያው ራሱ። እና ከማን ጋር ውለህ ነው ያመጣኸው? ስሟን ተናገር። እስክትናገር መናኸሪያ የሚባል ነገር የለም።”

ማዕዶት ሳቀች፤ ቅርፊቱ ተሰነጠቀና “እህ” ብላ አፏን ያዘች። አካሉ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከሱ አልተሰማም፤ እስካሁንም አልተሰማም።

ወለተሥላሴ ኩባያውን አንስታ ክሩን በጥርሷ ልትበጥሰው ስትል ማዕዶት ከእጇ ወሰደችው።

“ተይው። እስኪደርቅ ለብቻ ይሁን ተብሏል።”

“እሺ፣ ሲደርቅ እፈታዋለሁ።”

“እኔ ነኝ የምፈታው” አለች ማዕዶት።

ሰኞ ሄደች። እንድርያስ አሁንም ዳቦዋን በፌስታሉ ጫፍ አንጠልጥሎ ነው የሚያቀብላት። ወለተሥላሴ ይህን ባየች ቀን ሱቁ በር ላይ ቆማ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ ምች ሲመታው ማን ጋር እየመጣ ቅጠል እንደሚገዛ ነገረችው። ገበያም “ምች መታኝ” የሚላትን “ክሊኒክ ስሙ ሄርፒስ ነው፤ እኔም አለብኝ” ትለዋለች። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ቅጠሉን መልሶ ያስቀምጣል። ገበያዋ ቀንሷል። መናገሯን አልተወችም።

ቅርፊቱ ከወደቀ ሦስት ሳምንት ሆነው። የማዕዶት አገጭ ላይ ትንሽ ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ኩባያው መደርደሪያው ላይ ከሦስቱ ጋር ነው፣ ማዕዶት ትጠጣበታለች፣ አጥባም ትመልሰዋለች። ክሩ አልተፈታም። ወለተሥላሴ ጠዋት ጠዋት ታየዋለች፤ “ለምን አትፈቺውም?” ብላ መጠየቅ አትችልም፤ ያሰረችው እሷ ናት።