ሐብታሙ ከጂቡቲ ያመጣው ጌም

ሐብታሙ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ስለ ተሳቢ አንዴ ካስጀመራችሁት ማቆሚያ የለውም። ስለ ጌም ግን ምኑንም አያውቅም። አላውቅም ብሎ ዝም ቢል እኮ ጥሩ ነበር! የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ኩኩ ጌም ስትለምነው ከጂቡቲ መርጦ ያመጣላት ሽፋኑ ላይ መኪና ስላየ ብቻ ነው። መኪና ካለበት ምን ክፉ ነገር ይኖረዋል?

ሚስቱ ራሄል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሳታነብ የምትፈርም ሴት አይደለችም። ካርቶኑን ገልበጥ ብታደርገው አሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላው እንደማይፈቀድ ተጽፎበታል። ቀና ስትል ደግሞ ኩኩ አንዱን ምስኪን ከመኪናው ጎትታ አውርዳ በጥይት ስትጥለው አየች። አዋሽ ያለው ቤታቸው ያን ቀን ታመሰ።

ሐብታሙ ከመንገድ ሲገባ «አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አንተው ፍረድ!» አለችው።

ጨነቀው። ቤቱ የሚውለው አልፎ አልፎ ነው፤ በዚያችውም «ተዪ፣ አይሆንም» ሲል ስለሚውል ኩኩ እሱን ማዋራት እየተወች ነበር። አሁን ደግሞ የሰጣትን መልሶ ሊነጥቃት!

«ሳላይማ አልፈርድም። እስቲ አምጪው» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

ጌሙ ውስጥ ቀይ መብራት ላይ ቆመ። «ፍሬቻው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኩኩ በሳቅ ልትሞት! ወዲያው አንድ እግረኛ ገጨ፤ ሐብታሙም መኪናውን አቁሞ ወረደ።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው? ንዳው እንጂ!»

«ሰው ገጭቼ?»

«ጌም እኮ ነው!»

ፖሊስ መጥቶ ሐብታሙን በጥይት ደበደበው። የወደቀውን እግረኛ ግን ዘወር ብሎ ያየ የለም።

«ገዋኔ ላይ ግመል ገጭቻለሁ» አለ ሐብታሙ በድንገት። እንዳይሰጉ ብሎ ቤት ነግሮ አያውቅም። «ረዳቴ ‹ጋሼ፣ አትቁም!› አለኝ። የት አባቴ እሄዳለሁ? አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሁሉ ሳይነጋገር አይለያይም፤ ዳጉ ይሉታል። ብሮጥ ወሬው ቀድሞኝ ሰመራ ይገባል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ነው የቆምኩት።»

«ከዚያስ?»

«የግመሉ ባለቤት አብዱሰላም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጥላ ሥር አስቀምጠው ወተት ሰጡኝ። ስለ ግመሉ ሳያነሡ ‹አንተን አልጎዳህም? ልጆች አሉህ?› አሉኝ። አንጀቴን በሉት። አሁን በዚያ ሳልፍ ሰላም ሳልላቸው አልሄድም።»

ኩኩ ጌሙን ከዘጋችው ቆይታለች።

«የከበደኝ ደሙ ብቻ አይደለም» አላት። «ሰው ጥሎ መሄድ እንደ ቀልድ የሚታይበት ነው። ስታድጊ ራስሽ ትፈርጂበታለሽ፤ አሁን ግን አይሆንም። ሳላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጌም መሆኑ የማይገባኝ ሞኝ መሰልኩህ?»

«ሞኝ ብትሆኚማ ይህን ሁሉ መቼ አወራሽ ነበር?»

«ዝም ብለህ ብትነጥቀኝ ኖሮ ጓደኛዬ አትክልት ቤት ሄጄ ልጫወተው ነበር» አለች ኩኩ።

«አሁንስ?»

«አሁን… ትምህርት ሲዘጋ ሰመራ ስትሄድ ይዘኸኝ ሂድ። ገዋኔ ላይ አብዱሰላምን ማየት እፈልጋለሁ።»

ሐብታሙ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አያት። ይህን ከልጁ አፍ እሰማለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችው ራሄል ከበሩ ላይ። «እሺ በላት እንጂ!»