ሹፌሩ ዊማላሲሪ የወንዙን ግጥም ሲማር

ከዌሊማዳ ከተማ ባዱላ ከተማ የሚመላለሰውን አውቶቡስ የሚነዳው ዊማላሲሪ የአሥረኛ ክፍልን ፈተና ሳይወስድ የቀረ ሰው ነው። ለፈተናው እየተዘጋጀ ሳለ አባቱ ሞቱበትና ትምህርቱን ትቶ ሥራ ገባ። ከክፍል ይዞት የወጣው አንድ የድሮ የወንዝ ግጥም ብቻ ነበር። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲወርድ ያንጎራጉረዋል፤ ደንበኞቹም "ዛሬስ ወንዙ መጣ?" እያሉ ይቀልዱበታል።

አንድ ቀን ልጁ ኔትሚ ለዚያው ፈተና ስታጠና ያንኑ ግጥም ጮክ ብላ ጀመረች። ዊማላሲሪ እጁን እየታጠበ ተቀበላትና እስከ መጨረሻው ወረደው፦

ጋራው ጭጋግ ለብሶ፣ አቀርቅሮ ሳለ፣
ወንዙ መጣ፣ መጣ፣ ቁልቁል እየዘለለ፤
ድንጋዩን በየስሙ "አለህ ወይ?" እያለ፣
ዛፉም ጸጉሩን ፈትቶ "አለሁ፣ አለሁ" አለ።

"አባዬ! በቃልህ ነው እንዴ የምታውቀው?" አለች ኔትሚ። "ዘይቤውስ? ድባቡስ?"

"እሱ ላይ ሳልደርስ ነው የወጣሁት።"

"ታዲያ ለምን አብረን አንፈተንም?"

ሚስቱ ኩሱምላታ ከኩሽና ሳቀች። "በዚህ ሽበት?"

እሱም አብሯት ሳቀ። በሳምንቱ ግን ሄዶ በግል ተፈታኝነት ተመዘገበ።

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ እሁድ እሁድ ወይዘሮ ፒያሲሊ ዘንድ ይሄዱ ጀመር። ሴትየዋ ጡረታ ወጥተው በረንዳቸው ላይ ያስተምራሉ፤ ዊማላሲሪንም በልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

"ዘገየህ" አሉት ገና ሲያዩት። "አውቶቡስህም እንዲህ ነው?"

"እሱስ ይብሳል፣ ቲቸር።"

የመጀመሪያው ክርክር በድባቡ ላይ ተነሣ። ኔትሚ "ሐዘን ነው" አለች። "ጋራው አቀርቅሯል፣ ዛፉ ጸጉሩን ፈትቷል። ለቀስተኛ ይመስላሉ።"

"የምን ሐዘን! ደስታ ነው እንጂ" አለ አባቷ።

"በምን አወቅህ?" አሉ ፒያሲሊ።

"ይሰማኛላ!"

"ስሜትህን እዚያው ያዘው። ቃሉን አሳየኝ።"

ዊማላሲሪ ስንት ዓመት ያንጎራጎረውን ግጥም አሁን ገና እንደ አዲስ ቃል በቃል ይመረምረው ጀመር። ወንዝ ስም መጥራቱ፣ ዛፍ መልስ መስጠቱ ሰውኛ ዘይቤ እንደሚባል ተማረ። በቀጣዩ እሁድ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ ጣቱን ግጥሙ ላይ አሳረፈ።

"'መጣ፣ መጣ' ይላል። 'አለሁ፣ አለሁ' ይላል። ሰው የናፈቀውን ሲያይ ነው እንዲህ የሚደጋግመው። ጸጉሩም ቢሆን፣ ውሃ ሲመጣ ኩሱምላታ መጀመሪያ የምታደርገው ጸጉሯን ፈትታ መታጠብ ነው!"

"ጋራውስ?" አለች ኔትሚ።

"ጋራው ላይ አንቺ ልክ ነሽ።"

ፒያሲሊ ፈገግ አሉ። "ለሁለታችሁም ገብቷችኋል። ከሐዘን ይነሣል፣ ደስታ ላይ ያርፋል። መሸጋገሪያውን ፈልጋችሁ ጻፉ።"

በፈተናው ዕለት ጠዋት ኔትሚ እንደ ወጉ ለታላቅ በክብር የሚሰጠውን የቡላት ቅጠል ለአባቷ ሰጥታ እግሩ ሥር ሰገደች። መረቃት። ከዚያ እሱም ቅጠሉን ይዞ ፒያሲሊ ደጃፍ ሄደና ተንበርክኮ ሰጣቸው። እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው "ሂድ፣ ደግሞ እንዳትዘገይ" አሉት።

ውጤቱ ሲመጣ ኔትሚ ከፍተኛውን አገኘች፤ አባቷ መካከለኛ። አውቶቡሱ ውስጥ ውጤቱን ሲያወራ ተሳፋሪው አጨበጨበለት። ማታውኑ የጎሽ እርጎ በሸክላ ይዞ ፒያሲሊ ቤት ሄደ።

"ውለታዎ አለብኝ፣ ቲቸር። ይህን ግጥም እስከ ዛሬ በአፌ ብቻ ነበር የማውቀው።"

"መካከለኛ?" አሉ እርጎውን እየተቀበሉ። "ነጥብ የጣልከው የት ላይ ነው?"

"ሰዋስው ላይ።"

"በል ቁጭ በል።"

ዊማላሲሪ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ እየሳቀ ተቀመጠ።