ብርሃን የሚያስገባው ካሜራ

ወንድሜ ካሜራውን ጎብዬ ላለ አንድ ካፌ፣ መደርደሪያ ላይ ጌጥ እንዲሆን ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። የነገረኝም ሻዩን እያማሰለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው።

«ይኼ ብረት አርጅቷል። ፎቶ ያበላሻል። እዚያ ቢያንስ ሰው ይየው።»

ደሜ ፈላ። አባታችን በሕይወት ሳለ ከሮቢት እስከ ጎብዬ ገበያ ለገበያ እየዞረ ሰው ያነሳበት፣ እኔም እስከ ዛሬ ፊልም እያጎረስኩ የምሠራበት ካሜራ ነው። «የሚቀጥለው ፊልም ንጹሕ ካልወጣ እንዳልክ ይሁን» አልኩት። አፌ ቀደመኝ እንጂ ካሜራው ምን እንደነካው እኔም አላውቅም ነበር።

ያበላሻል ማለቱ ግን ውሸት አልነበረም። አንዳንዱ ፎቶ ላይ ከዳር የሚነሳ ነጭ ጭረት ይወጣል፤ አንዳንዱ ላይ ምንም የለም። ሁልጊዜ ቢያበላሽ ኖሮ ቶሎ እደርስበት ነበር። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚጠፋበት ሰው አደረገኝ።

ፊልም የማጥበው ራሴ ነኝ። ኔጋቲቮቹን መስኮት ላይ አንጠልጥዬ አየኋቸው። ጭረቱ ከፎቶው ክልል አልፎ በፊልሙ ጠርዝ እስካሉት ቀዳዳዎች ዘልቋል። ብርሃኑ በሌንሱ ቢገባ ኖሮ ከክልሉ አይወጣም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጀርባው ክዳን ነው። የክዳኑን ዙሪያ በጥቁር ናስትሮ አሸግኩና ፀሐይ ላይ አንዱን ጎን እየገለጥኩ፣ ሌላውን እየሸፈንኩ በቁራጭ ፊልም ሞከርኩ። ክዳኑ የሚታጠፍበትን ማጠፊያ ስገልጠው ጭረቱ መጣ። ቦታው ታወቀ። ታዲያ ለምን አንዳንዴ ብቻ?

የተበላሹትን ለየሁ። አክስቴ፣ ማሽላ የሚነግዱት ሽማግሌ፣ ቆቦ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ጓደኛዬ። ከንጹሖቹ ውስጥ ባጃጅ፣ ግመል፣ የማላውቀው መንገደኛ ሞልቷል። የምወዳቸው ተመርጠው ተጭረዋል! ካሜራው ቂም የያዘብኝ መሰለኝ።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ አክስቴን መንገድ ላይ ሳገኛት ነው።

«እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? ደህና ነሽ ወይ? ወንድምሽስ? ጤናሽስ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ አክስቴ? ማሽላው እንዴት ነው?»

ትከሻ ለትከሻ ስንሳለም ካሜራው ደረቷን እንዳይመታት ወደ ጎኔ ገፋሁት፤ ሁልጊዜም እንደማደርገው። ዝቅ ብዬ አየሁት። ማጠፊያው ለራያ ፀሐይ ተሰጥቷል፤ ፊልሙ ለቀጣዩ ፎቶ ተጠምዝዞ ይጠብቃል። የእኛ ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ብርሃኑ የሚገባው ያኔ ነው፤ ጭረቱም ከሰላምታው በኋላ በማነሳው ፎቶ ላይ ይወጣል። ግመል መቼ ሰላም ብዬ አውቃለሁ!

በርሬ ወንድሜ ሱቅ ገባሁና ነገርኩት። ሞባይል እየጠገነ ሳቀብኝ።

«ታዲያ ሰላምታውን አሳጥሪዋ!»

«አላሳጥርም!» ደንበኞቹ ዞረው አዩኝ። ይዩኝ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ አዝመራው ያልጠየቅኩት ሰው ፊት ላይ ካሜራ አልደግንም። የተበላሸው ክዳኑ ነው፤ ሰላምታው ምን አጠፋ?

ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክለው የማጠፊያው ስፖንጅ በሙቀት ቀልጦ ሙጫ ሆኖ ነበር። ፈቅፍቄ አወጣሁትና በቦታው ጥቁር የሱፍ ክር አጣበቅኩበት። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ፎቶዎቹን ያገላብጣል።

«የኔ እኮ አንዱም አልተበላሸም» አለ፣ ኮራ ብሎ። ከዚያ ፎቶዎቹን አስቀመጠ። ለምን እንዳልተበላሸ ለሁለታችንም ገባን። በአንድ ግቢ እየኖርን፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ሰላምታችን «ቁልፉን የት አደረግሽው?» ብቻ ሆኗል።

ቀትር ላይ አዲስ ፊልም አጉርሼ ወንድሜን ሱቁ በር ላይ አቆምኩት። ካሜራውን ወደ ጎኔ ገፍቼ ማጠፊያውን ለፀሐይ ሰጠሁ።

«በል፣ እንደ ሰው ሰላም በለኝ።»

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና።»

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ።»

«እውነት ደህና ነሽ?»

«አይደለሁም» አልኩት። «ካሜራውን ልትሰጥብኝ ስትል ከፍቶኛል። አንተስ?»

ካሜራውን አተኩሮ አየው። ፀሐዩ ማጠፊያው ላይ ነበር፤ አላጣደፍኩትም።

«አንገትሽ ላይ ባየሁት ቁጥር አባባ ከገበያ የሚመለስ ይመስለኛል» አለ። «ለዚያ ነው ከቤት ይውጣልኝ ያልኩት።»

ያኔ አነሳሁት።

ፊልሙን ሳጥበው ጭረት የሚባል የለም። የወንድሜ ዓይኖች ብቻ እንባ አቅርረዋል። ፎቶውን አየው፣ አየውና ስልኩን አውጥቶ ጎብዬ ደወለ።

«አይመጣም» አለው ባለካፌውን። «እህቴ እየሠራችበት ነው።»