በሕግ አምላክ ብላ ያስወጣችኝ ልጅ

ያቺን ልጅ ዛሬም አልወዳትም። እኔም አርጅቻለሁ፣ እሷም አርጅታለች፤ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ትስመኛለች፣ እስማታለሁ። ሰው «የልጅነት ነገር ነው፣ እርሺው» ሲለኝ ግን ደሜ ይፈላል። የትልቅ ሰው በደል ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር።

ነገሩ የሆነው ስምንተኛ ክፍል ሳለን ነው። ትምህርት ቤታችን ከእንጦጦ ግርጌ በየካ በኩል ነበር። እንግሊዝኛ ሊያስተምረን የመጣ አንድ ቀጭን አሜሪካዊ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው፣ ለእኛ ለሴቶቹ ሶፍትቦል የሚባል ጨዋታ አስተማረን። ኳሷ ትርንጎ ታህላለች። ይዞት የመጣው ዱላ ሲሰበር አናጢ ከባሕር ዛፍ ጠርቦ ሌላ ሠራልን። ጓንት የነበረው አንድ ብቻ ስለሆነ ሌሎቻችን በባዶ እጅ እየቀለብን ጣታችን ያብጥ ነበር። በሜዳው ሦስት ማዕዘኖች ላይ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይቀመጣል። አራተኛው ላይ ጣውላ አለ፤ እሱን «ቤት» እንለዋለን። ኳሷን መትተሽ ሦስቱን ጆንያ ዞረሽ ቤት ከገባሽ ነጥብ ታገኛለሽ።

የመነካቱ ሕግ ነው ያጨቃጨቀን። ጆንያ ላይ ከቆምሽ ማንም ምንም አያደርግሽም። ከጆንያ ወርደሽ ስትሮጪ ኳስ የያዘ እጅ ከነካሽ ግን ወጣሽ። ተጋጣሚሽ ኳሷን በቀኝ እጇ ይዛ በግራዋ ብትነካሽ አይቆጠርም። ይህችን ለመቀበል አንድ ወር ሙሉ ተጣላን። አንዷ «ቀሚሴን እንጂ ገላዬን አልነካችኝም» ብላ አለቀሰች፤ አሜሪካዊው በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ቀሚስም አንቺ ነሽ» ብሎ አስወጣት። እኛ ደግሞ ከበን «ምስክር አለኝ!» «ትማልልኝ!» እንለዋለን። እሱ «እኔ አየሁ፣ በቃ» ይላል። አንድ ሰው ብቻውን አይቶ፣ ብቻውን ፈርዶ፣ ይግባኝ የለም! ይህን የመሰለ ድፍረት ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም።

አባቴ የአጥቢያ ዳኛ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጃችን ባለው ጽድ ሥር ተቀምጦ የድንበር፣ የስድብና የከብት ክርክር ይሰማል። እኛ ቤት ውስጥ «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል እንደ ዋዛ አይነሣም። ሰዎች ሲጣሉ አንዱ ይህን ካለ ሌላው በቆመበት ይቆማል፤ ያነሣውን ዱላ ሳያወርድ ይቆማል። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል ወንድሜን በድንጋይ ሳሳድድ ጎረቤታችን በሕግ አምላክ ብትለኝ አልፌያት ሮጥኩ። አባቴ ሰምቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ግቢው መሐል አቆመኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ስሰማ እግሬ ከእኔ ሳይማከር ይቆማል።

የዚያች የማልወዳት ልጅ አባት ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ተካሶ አባቴ ዘንድ ተረታ። ረቺው የእኛ አበልጅ ስለነበር ሰውዬው «ዳኛው አዳልቷል» እያለ በየመንገዱ አወራ። ለአባቴ ሰላምታ መስጠትም ተወ። ልጁ ስምንተኛ ለ ነበረች፣ እኔ ስምንተኛ ሀ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር «የአድሏዊ ልጅ» ትለኛለች። አንድ ቀን ጸጉሯን ይዤ ጎትቻታለሁ፤ አይቆጨኝም።

ሁለቱ ክፍሎች ሊጋጠሙ ሳምንት ሲቀር አንዲት አክስታችን እኛ ቤት መጥታ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ቀሚሷን ሰብስባ በወንድ ፊት ስትሮጥ አየሁ ብላ አባቴን አሳፈረችው። በዓለም ላይ ከዚያ ጨዋታ በቀር የምወደው ነገር አልነበረኝም። ስሮጥ የማንም ልጅ አይደለሁም፤ ይኸው ነው። ማታውኑ አባቴ ፊት ቆሜ ሕጉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት። ጆንያው በድሮ ጊዜ ሸሽቶ የገባበት ሰው እንደማይያዝበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው አልኩት። ይህን ወደደው።

«መጥቼ አያለሁ» አለ። «ሕግ ያለው ጨዋታ ከሆነ ትጫወቻለሽ። ሕግ ከሌለው ከዚያች ቀን በኋላ ሜዳው ላይ አላይሽም።»

በጨዋታው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ችሎቱን ትቶ መጣ። ካፖርቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ከቤቱ ጣውላ አጠገብ ወንበር ተሰጠው። የልጅቷ አባት በማዶ ከሰዎች ጋር ቆሟል። ልጅቷ ጓንቱን አጥልቃ ቤቱን ትጠብቃለች።

በመጨረሻው ዙር እኩል ነበርን። እኔ ሦስተኛው ጆንያ ላይ ነኝ። ጓደኛዬ መታች፤ ኳሷ ርቃ ሄደች፤ ሮጥኩ። ከሜዳው ጫፍ የተወረወረችው ኳስ ወደ ጎን ሳተችና ልጅቷ ከቤቱ አራት እርምጃ ያህል ወጥታ ቀለበቻት። አትደርስብኝም። እሷም አወቀች፣ እኔም አወቅሁ። ጣውላው አንድ እርምጃ ሲቀረኝ በሙሉ ድምፅዋ «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

ቆምኩ።

አቧራው እንኳ እግሬን አልፎ ሄደ። እሷ ሳትቸኩል፣ ገበያ እንደምትሄድ ሴት እየተራመደች መጥታ ኳሷን ደረቴ ላይ አሳረፈቻት።

አሜሪካዊው «ወጥታለች!» አለ።

ሜዳው ተደበላለቀ። የእኛ ልጆች «ግፍ ነው!» እያሉ ከበቡት። እነዚያ ደግሞ «ማን ቁሚ አላት?» ይላሉ። አንዷ ከኋላዬ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ስትል ሰማሁ። አሜሪካዊው ልጅቷ ምን ብላ እንደጮኸች አልገባውም፤ ለምን እንደቆምኩም አልገባውም። በመጨረሻ ከተመልካቹ አንድ ሽማግሌ «ዳኛው እዚሁ አሉ፤ እሳቸው ይጠየቁ» አለ። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። ጉዳዩ አለቀ አልኩ፤ በሕግ ስም ያታለለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

አባቴ ተነሣና አሜሪካዊውን ጠየቀው። «በእናንተ ሕግ ሯጯን በቃል ማስቆም ተከልክሏል?»

ሰውዬው አሰበ። «ቃል ምንም የለም። ኳስ፣ እጅ፣ ቤት። በቃ።»

«በመንገድ ሳለች ኳስ የያዘ እጅ ነክቷታል?»

«ነክቷታል።»

አባቴ አላየኝም። ማዶ የቆመውን የልጅቷን አባት ነው ያየው። «እንግዲያስ ወጥታለች» አለ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ማድነቅ ጀመሩ። በገዛ ልጁ ፈረደ፣ ይህ ነው ዳኛ፣ ተባለ። ተሸነፍን።

ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ ከኋላው አሥር እርምጃ ርቄ ሄድኩ። ቆሞ ጠበቀኝ።

«ባትቆሚ ኖሮ አፍርብሽ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ይህን እዚያ ለምን አላሉትም?» አልኩ።

«ዳኛ ለልጁ አይመሰክርም።» ትንሽ ሄዶ ደግሞ «ጨዋታው ሕግ አለው። ተጫወቺ» አለኝ። የፈለግሁትን ሰጠኝ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት ከዘራውን ነጥቄ ገደል ብወረውርበት ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የልጅቷ አባት ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ገንቦ ጠላ አስከትሎ ቤታችን መጣ። ገና ደጃፍ ላይ ሳለ «በልጅዎ ላይ የፈረዱ ሰው በእኔ ላይ አላደሉም። በስተጀርባዎ የተናገርኩትን ይማሩኝ» ብሎ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። አባቴ አነሣው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ስሙን በየመንገዱ ያጎደፈው ሰው በራሱ እግር መጥቶ መለሰለት። የመታረቂያው በግ እኔ ነበርኩ፤ በእኔ ነው የታረቁት። ማንም ወደ እኔ ዞሮ አንቺስ ያለኝ የለም።

ገንቦውን ተሸክማ የመጣችው ልጅቷ ነበረች፤ አስገብታ ከበሩ ውጪ ቆመች። አጠገቧ ሄድኩ።

«ባልቆምስ ኖሮ?» አልኳት።

አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። «እንደምትቆሚማ አውቅ ነበር» አለች። «የእሳቸው ልጅ አይደለሽ?»

ያን ሁሉ ጊዜ አባቴን አድሏዊ ስትለው እንዳላደላ ታውቅ ነበር። እሱን አምና ነው እኔን የያዘችኝ። እጄ ሲነሣ አላወቅሁትም፤ በጥፊ ስመታት የጠላው ገንቦ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌዎች ድምፁን ሰምተው ወጡ።

አባቴ በሽማግሌዎቹ ፊት ምክንያት አልጠየቀኝም። ጨዋታው ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀርቶብኛል አለኝ። በዚህኛው ፍርድ አልተከራከርኩም።